አፑ የሚጠይቀው ማታ ነው፤ ሐራራው የሚመጣው ቀን

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከጅማ ነው። ታናሽ ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። ተማሪ እያለ ለጥናት ብሎ የጀመረውን ጫት እስከ ዛሬ ይቅማል። ሁለት ዓመት ሆኖታል ደግሞ ማታ ማታ ለጨብሲ እያለ አረቄና ቢራ ይጠጣል። ጫቱስ ይሁን፣ አገር ምድሩ ይቅማል፤ እኔን ያስጨነቀኝ መጠጡ ነው። ከወራት በፊት መጠጥ ለማቆም የሚረዳ፣ ቀን የሚቆጥር አፕ ስልኩ ላይ ጫንኩለት። 19 ቀን ቆየና አንድ ማታ ጠጣ። አፑ ወደ ዜሮ መለሰው። ተናዶ አጠፋው፤ ከዚያ ወዲህ ከበፊቱም ባሰበት። አሁን በዶላር የሚከፈልበት የተሻለ አፕ አለ ብለውኛል። የትኛውን ልጫንለት? እሱ የሚሞላውን እኔ በስልኬ እንዳየው ማድረግስ ይቻላል? ሆስፒታል ሂድ ስለው፣ ሳይካትሪ ክፍል በር ላይ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ አበደ ይሉኛል ይላል። አፑ ሕክምናውን ይተካለታል?»

መልስ፦ አይተካም። በዶላር የሚከፈልበትንም አይግዙ። ስልክ ከሱስ ለሚያገግም ሰው ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከጀርባው ሕክምናና ሰው ሲኖር ነው። ጥያቄዎ ውስጥ ደግሞ ሳይስተካከሉ ወደ አፕ ምርጫ ሊኬድባቸው የማይገባ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ ሕይወት የሚነካ ስለሆነ በእሱ እጀምራለሁ።

መጠጥ በድንገት ማቆም ለሁሉም ሰው ደህና አይደለም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ከአልኮል ጋር መሥራት ለምዷል። አልኮሉ አንድ ቀን ድንገት ሲቀር አንጎሉ ከመጠን በላይ ይነቃል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ትርታ መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያው ቀን ይመጣሉ። አንዳንዱ ሰው ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ ያሉበትን ቦታና ቀን መሳት ሊከተል ይችላል፤ ይሄኛው በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። ቀን የሚቆጥር አፕ ይህን ሁሉ አያይም። «1ኛ ቀን፣ በርታ!» ብሎ ይጽፍለታል እንጂ እጁ ሲንቀጠቀጥ አያውቅም።

ስለዚህ ምንም ከመጫንዎ በፊት በሰከነ ሰዓት እነዚህን ይጠይቁት፦ ጠዋት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል ወይ? ራሱን ለማረጋጋት ገና በጠዋቱ አንድ መለኪያ ይፈልጋል? መጠጥ ባጣበት ቀን ጥሎት ወይም ቃዥቶ ያውቃል? ለአንዱ እንኳ አዎ ካለ በራሱ እንዳያቆም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነው የሚያቆመው፤ እዚያ መንቀጥቀጡንና መውደቁን የሚከላከል መድኃኒት እየተቀነሰ ለጥቂት ቀናት ይሰጠዋል፣ ቲያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ 1 ይጨመርለታል። ያኔ 19 ቀን ያለ አደጋ ማለፉ ጥሩ ምልክት ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባሰበት ብለዋል፤ የያኔው ለዛሬው ዋስትና አይሆንም። አንድ ነገር አጥብቄ ልከልክል፦ ከመድኃኒት ቤት ዳያዜፓም ገዝቶ ቤት ውስጥ መሞከር የለም። መጠጥ ከተቀላቀለበት ትንፋሽ ያስቆማል። ለጾም መግቢያ ብለው በየቀኑ የሚጠጡትን በአንድ ሌሊት ለሚያቆሙ ሰዎችም ይሄው ማስጠንቀቂያ ይሠራል።

ሁለተኛው «ጫቱስ ይሁን» ያሉት ነው። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር አልስማማም። የወንድምዎ መጠጥ ራሱን የቻለ ችግር አይመስለኝም፤ ከጫቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ ጋር ይቀራረባል፣ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን የደስታ ስሜት የሚሰጥ ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲያድርና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ቃሚው ሁሉ ትኩሱን ይመርጣል። መቃም ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ በደም ውስጥ ያለው መጠን ጫፍ ይደርሳል። እንግዲህ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ በርጫ የተቀመጠ ሰው ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምርቃናው ውስጥ ነው፤ ያቅዳል፣ ይጫወታል፣ ሁሉ ነገር ይቀለዋል። ምሽት አንድና ሁለት ሰዓት ሲሆን ጨዋታው ያልቃል፣ ልቡ መምታቱን አይተውም፣ ይተክዛል፣ ሰው ያስጠላዋል፣ እንቅልፍ እንደማይወስደው ያውቀዋል። ጨብሲ የሚመጣው ይሄኔ ነው። አረቄውን የሚጠጣው ምርቃናውን ለማውረድና ለመተኛት ነው። ጠዋት ደክሞት፣ ራሱን አሞት ይነሳል፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ ሐራራው ይነሳበታል፤ ድካሙን የሚያነሳለት ደግሞ ያው ጫት ነው። በማግሥቱም እንዲሁ ይቀጥላል።

መጠጡን ብቻ ለማስተው የሚደረገው ሙከራ የማይጸናውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀኑን የቃመ ሰው ማታ አትጠጣ ሲባል ዓይኑ ፈጦ እንዲያድር መፍረድ ነው። ጥቂት ቀን በጉልበት ይችለዋል፣ ከዚያ ይሸነፋል። በርጫው ባልተነካበት 19 ቀን መቆየቱ ለእኔ የሚነግረኝ ወንድምዎ ብርቱ መሆኑን ነው።

የጫኑለት አፕም የተሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። አብዛኞቹ የመጠጥ አፖች የተሠሩት ከሥራ መልስ ማታ ለሚጠጣ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ሰው ነው። ማስታወሻቸውን የሚልኩት ምሽት ላይ ነው፤ ዝርዝራቸው ውስጥ አልኮል፣ ካናቢስ፣ ኮኬይን፣ ኦፒዮይድ አለ፣ ጫት ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። የመጠጥ መለኪያቸውም ለኛ አይመችም፤ የአሜሪካው አንድ «መጠጥ» 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፣ ወደ አንድ ጠርሙስ ቢራ ይጠጋል። የቤት አረቄ ግን ከቤት ቤት ስለሚለያይ በዚያ ስሌት ሊሞላ አይችልም። ወንድምዎ በሐቀኝነት ቢሞላም የሚወጣው ቁጥር የእሱን ኑሮ አያሳይም። አፕ ከተያዘ ሰዓቱ መዞር አለበት። ጥያቄው መምጣት ያለበት እግሩ ወደ መቃሚያ ቤት ከማምራቱ በፊት፣ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። (ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 12:30 ብለው ይሙሉት፤ 6:30 ብለው ሞልተው ማስታወሻው ጎህ ሲቀድ የሚጮህባቸው ብዙዎች ናቸው።) ረመዳን ሲገባ ደግሞ ለሚጾሙ ቃሚዎች በርጫው ከማፍጠሪያ በኋላ ወደ ሌሊት ስለሚዞር የማስታወሻው ሰዓትም አብሮ መዞር ይኖርበታል።

ሦስተኛው ዜሮው ነው። 19 ቀን ከቆየ በኋላ አንድ ማታ የጠጣ ሰው ከ20 ቀን 19ኙን አልጠጣም። አፑ ግን ከነጭራሹ እንዳልሞከረ አድርጎ አሳየው። የሱስ ሳይኮሎጂ ተመራማሪው አለን ማርላት ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሥራ ይህን ሁኔታ በሚገባ አብራርቶታል፦ ሰውየውን አንዴ መንሸራተቱ ብቻውን አይጥለውም፤ ከተንሸራተተ በኋላ «እኔ ምንም አልረባም፣ አንዴ ከጀመርኩማ» ብሎ የሚደርስበት ድምዳሜ ነው ወደ ሙሉ ማገርሸት የሚወስደው። ዜሮው ይህን ድምዳሜ ማያው ላይ ጻፈለት። ስለዚህ ተከታታይ ቀን ብቻ የሚቆጥር አፕ ለእሱ አልመክርም። የሚቆጠር ነገር ካስፈለገ በወር ውስጥ ስንት ቀን እንዳልጠጣ፣ በርጫ የተቀመጠበት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለጫትና ለመጠጥ ስንት ብር እንዳወጣ ይቁጠር። እነዚህ አንድ ክፉ ማታ ሲመጣ አይጠፉም።

አሁን ማስረጃው ምን ይላል ወደሚለው ልምጣ። «አፕ ከሱስ ያድናል» የሚሉ ማስታወቂያዎች ጥናት ይጠቅሳሉ፤ ጥናቶቹም አሉ፤ ግን ምን እንደሆኑ ማየት ያስፈልጋል። ኤ-ቼስ የተባለ የስማርት ስልክ ፕሮግራም በአሜሪካ በ349 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። መደበኛውን ክትትል ብቻ ያገኙት ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በአማካይ 2.75 ቀን ለአደጋ በሚያጋልጥ መጠን ሲጠጡ፣ አፑ የተጨመረላቸው 1.39 ቀን ጠጡ። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ሁሉ በአልኮል ሱስ ተኝተው ታክመው የወጡ ናቸው፤ አፑም ከአማካሪዎችና ከሌሎች አገጋሚዎች ጋር ያገናኛቸው ነበር። አፑ ከሕክምና በኋላ መጣ እንጂ በሕክምና ፈንታ አልመጣም። ሪሴት የተባለው የሱስ ሕክምና አፕም እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 የፈቀደው በሐኪም ትዕዛዝ፣ በተመላላሽ ሕክምና ላይ ተጨማሪ ሆኖ ለ12 ሳምንት እንዲሰጥ ነበር። ይህን ያህል እውቅና ያገኘው አምራች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኪሳራ አመለከተ። ለአፕ በዶላር አይክፈሉ የምልዎት በከፊል በዚህ የተነሳ ነው፤ ወንድምዎ የሚደገፍበት ነገር በሌላ አገር ኩባንያ ሒሳብ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ለእርስዎ ሁኔታ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከእነዚህ የቀለለ ሙከራ ነው። በብሪታንያ 5,800 አጫሾችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አለ። መሣሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነበር። በየጊዜው የሚያበረታ መልእክት ይላካል፤ ማጨስ ያማረው ሰው ደግሞ አንድ ቃል ሲልክ ወዲያው መልስ ይደርሰዋል። ከስድስት ወር በኋላ በምርመራ ሲረጋገጥ፣ መልእክቱ ከደረሳቸው 10.7 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 4.9 በመቶ ማጨስ አቁመው ተገኙ። ጥናቱ የሲጋራ ነው፣ ለጫት በቀጥታ አይቆጠርም። ሆኖም ስማርት ስልክም፣ የኢንተርኔት ጥቅልም፣ እንግሊዝኛም አለመጠየቁን ልብ ይበሉ። መብራት በሄደበትና ኔትወርክ በደከመበት ቀን እንኳ በአዝራር ስልክ ይሠራል። ይዘቱም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ ወንድምዎ ልቡ በሚገባው ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። እርስዎና ወንድምዎ፣ ወይም እሱ የመረጠው ሌላ ሰው፣ አንድ ቃል ትስማማላችሁ፤ «ሐራራ» ቢሆን በቂ ነው። ቀን ስድስት ተኩል ላይ ከእርስዎ ወይም ከዚያ ሰው አጭር መልእክት ይሄድለታል፦ «ዛሬ ከሰባት እስከ ዐሥራ አንድ የት ነህ?» መልሱ ቦታና ሥራ የያዘ ይሁን። ሐራራው ሲነሳበት ቃሉን ይልካል፣ የተቀበለው ሰው ወዲያው ይደውላል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ያናግረዋል ወይም ይመጣል። አጣዳፊው ስሜት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይረግባል፤ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም፣ ደግሞም ያልፋል። በዚያ ጥሪ ላይ ምክርና ወቀሳ አይኖርም። የተንሸራተተ ቀንም ቃሉን ይላክ፤ መልሱ «የት ነህ፣ ልምጣ» ነው። ደዋዩ ሥራ ላይ የማይመቸው ከሆነ ሁለተኛ ሰው ይኑር። ከበርጫ ጓደኞቹ አንዱን ግን ለዚህ ሥራ አይምረጡ፣ ምንም ያህል የሚወደው ቢሆን።

ከሰባት እስከ ዐሥራ አንድ ያለው ሰዓት ባዶ ከሆነ መልእክት ብቻውን አይበቃም። በጅማ ይህ ሰዓት ለወጣቱ ከበርጫ ሌላ ብዙ ምርጫ የሚሰጠው አይደለም፣ ከልብ የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው። ስለዚህ በግድ መሞላት አለበት፦ የከሰዓት ሥራ፣ ኮርስ፣ ሜዳ፣ ወደ ጂረን ዳገት በእግር መውጣት፣ የቤተሰብ ሱቅ መጠበቅ። በመርካቶ በኩል ጫት በሚወርድበት ሰዓት ማለፍ ካለበት መንገዱን ይቀይር። ከጫቱ ጋር የለመዳቸው ነገሮችም ሐራራውን ይቀሰቅሳሉ፤ ለአንዱ ኦቾሎኒና ለስላሳ ነው፣ ለሌላው ሲጋራ ወይም ሺሻ፣ ለብዙዎች ደግሞ ምሳ ከተበላ በኋላ የሚመጣው ቡና ነው። ቡና በጅማ ቤት አይቀርም፤ የወንድምዎ ግን ለጊዜው ወደ ጠዋት ይዛወር።

የሚሞላውን በስልክዎ ማየት ይቻላል ወይ ላሉት፣ እሱ አውቆ ካልፈቀደ አያድርጉት። ቴክኒኩ ሊኖር ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። እየታየ መሆኑን የደረሰበት ሰው ሁለተኛ እውነት አይሞላም፣ ስልኩን ትቶ መውጣትም ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እርስዎም አፑም የሚያውቁት ነገር አይኖርም። በየሳምንቱ አንድ ቀን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ራሱ ከፍቶ የሚያሳይዎትን ይዩ።

ምስጢሩን በተመለከተ የሚያስፈራው ከጎረቤት ይልቅ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሞኑመንት የተባለ የአልኮል ሱስ ሕክምና አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን መረጃ እንደ ሜታና ጉግል ላሉ የማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፏል ብሎ እርምጃ ወስዶበታል፤ ኩባንያው ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል የገባ ነበር። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ቢሮው ባሕር ማዶ ያለ ነጻ አፕ ላይ ግን ለእርስዎ ቶሎ ይደርሳል ብለው አይመኩ። ማንኛውም አፕ ከተጫነ በእውነተኛ ስም አይመዝገብ፤ የስልክ ማውጫውን፣ ያለበትን ቦታና ማይክሮፎኑን አይፍቀድለት፤ ስልኩ ሲቆለፍ መልእክቱ ማያው ላይ እንዳይታይ ይደረግ። ስልክ ከሰው ጋር የሚዋዋስ ከሆነ ጭራሹኑ አፕ አይኑረው፣ ደብተር ይሻለዋል።

የሆስፒታሉ ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ ከተማው ሰው ለሰው የሚተዋወቅበት ነው። ግን መግቢያው አንድ በር ብቻ አይደለም። በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ በጨጓራ ወይም በእንቅልፍ ማጣት ካርድ አውጥቶ መግባትና በሩ ከተዘጋ በኋላ ጫትና መጠጡን መናገር ይችላል፤ እንደ ሁኔታው ይታከማል ወይም ሪፈር ይጻፍለታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሳይካትሪ ክፍልም ሰው ለጭንቀት፣ ለድብርት፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለሌላም ይሄዳል፤ በር ላይ ያየው ሰው ለምን እንደመጣ አያውቅም። ባለሙያው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ወንድምዎም መጀመሪያ ይህን ቢጠይቅ መብቱ ነው። ስልክ በእርግጥ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፦ አንዴ በአካል ከታየ በኋላ፣ ባለሙያው ከተስማማ፣ አንዳንዱ ቀጠሮ በስልክ ጥሪ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ሲሆን ከበሩ ላይ የሚታይበት ቀን ያንሳል። ከቀጠሮው በፊት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ኦዲት የተባለ የአልኮል መጠይቅ ቢሞላ ጊዜ ይቆጥባል። 10 ጥያቄ ነው፣ ነጻ ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ ጎጂ አጠጣጥን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ጥገኝነት ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል።

ለጫት ጥገኝነት ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ሕክምናው ምክክር፣ የቀን ሥርዓት ማስያዝና አብሮ ያለውን ድብርት ወይም ጭንቀት ማከም ነው። ለወንድምዎ ጫቱን በአንድ ቀን ከማቆም ይልቅ መቀነሱን እመርጥለታለሁ፦ በመጀመሪያ መነሻ ሰዓቱን ከሰባት ወደ ዘጠኝ መግፋት፣ ቀጥሎ የማይቃምባቸው ቀናት መጨመር። ያ ሲሆን ምሽቱ ይቀልለታል፣ አረቄውም ምክንያት ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ዱካክ ይመጣበታል፤ ከባድ ቅዠት፣ ታፍኖ መንቃት፣ ቀን ደግሞ ድብታ፣ ስንፍናና ብስጭት። ይህ አእምሮው መታወኩን አያሳይም፤ ጫቱ ሲቀር የሚመጣ፣ በአብዛኛው ሰው ላይ በአንድና በሁለት ሳምንት የሚቀንስ ነገር ነው። አስቀድሞ ካልተነገረው ግን «ጫት ካልቃምኩ ላብድ ነው» ብሎ ይመለሳል። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ሰው እያሳደደኝ ነው ማለት፣ የማይሰማ ድምፅ መስማት ከጀመረ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሞትን ካነሳ በቀጥታ ይጠይቁት፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ይህን በአፕ ላይ መሙላት ለማንም አይደርስም።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ስለ መንቀጥቀጡ ጠይቀው፣ ጤና ጣቢያም ሆነ ሕክምና ማዕከሉ፣ አንድ ጊዜ በአካል ይታይ፤ ቢፈልግ አብረውት ይሂዱ፣ ካልፈለገ በር ድረስ አይሸኙት። በዚያው ሳምንት የቀኑን መልእክትና የሐራራውን ቃል ይጀምሩ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ እሱ ራሱ ከፈለገ ብቻ፣ ነጻ የሆነና የራስን ነገር ለማስመዝገብ የሚፈቅድ ማስታወሻ አፕ ይጫን፤ የበርጫ ሰዓቱንና ወጪውን ይጻፍበት። ከሁለት ወር በኋላ የተጻፈውን ይዞ ባለሙያው ዘንድ ይመለስ። በዚያን ጊዜ የመጠጡ ቀን ካልቀነሰ ወይም የጠዋት መንቀጥቀጥ ከመጣ ሌላ አፕ አይፈልጉ፤ ተኝቶ ስለመታከም፣ ጅማ አልሆን ካለውም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ስለመሄድ ከባለሙያው ጋር ይነጋገሩ።